ዶሮዋን የሠራችው

«ታዲያ ማን ሊሠራው ኖሯል አክስቴ? እኔው ነኝ እንጂ» አለች የቁንጥጫ ወንድም ሚስት፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ የግራ እጇን ጥፍር ቀይ እየቀባች። ስልክ ስታወራ ሁልጊዜም ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ነው። ጥፍር የሚቀባ እጅ ስልክ አይዝም፤ ደግሞም የሚደወልላት ሰው መሆኗን ቤቱ ሁሉ ቢሰማ አትጠላም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሻንጣና ትርፍ ብርድ ልብስ ተከምሮበት ከቀረው ቦታ ላይ አንድ አልጋ በገባበት ክፍል ውስጥ፣ ቁንጥጫ አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ ከትታ ሌላውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ቁንጥጫ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ገና በልጅነቷ፣ በጣቶቿ ሳይሆን በምላሷ ምክንያት። «ታናሽየዋስ አልረዳችሽም?» ሲል የአክስቷ ድምፅ ከስኳር ዕቃው በኩል ተሰማ። «እሷማ ሽንኩርት ትልጥልኛለች» አለች የወንድሟ ሚስት ጥፍሯን እፍ እያለች። «ያውም ካላኮረፈች።»

ቁንጥጫን ያንገበገባት ውሸቱ ብቻ አይደለም፤ ውሸቱ ሙያ የጎደለው መሆኑ ነው። ያ ዶሮ የሚላጥ ሽንኩርት አልነበረውም። ነጭ ሽንኩርቱ እንኳ ከነልጣጩ ለሁለት ተሰንጥቆ ነው ሆዱ ውስጥ የገባው። ነገሩ የሆነው አንድ እሑድ ነው። የወንድሟ ሚስት ፀጉር ቤት ሄዳ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከአንድ ዶሮና ከሁለት ሎሚ በቀር የሚረባ ነገር ጠፍቶ፣ ቁንጥጫ ያለውን ይዛ ኦቨን ውስጥ ከተተችው። በዚያ ቤት ኦቨኑ የመጥበሻ ቁም ሳጥን ስለነበረ መጀመሪያ መጥበሻዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ መደርደር ነበረባት። ዶሮው ሊወጣ ሲል አክስት ሳይጠሩ ከች አሉ፤ ፀጉሯን ተሠርታ ከተመለሰችው የወንድሟ ሚስት ጋርም በሩ ላይ ተገናኙ። አክስት ሲበሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። አጥንቱን በየተራ እያነሱ መጠጡት እንጂ። ሳህኑን ያቀረበችው የወንድሟ ሚስት ነበረች፤ ያቀረበ ሠራ ተባለ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከምስጋና አልፎ ነበር። የአክስት ቤት መንገድ ዳር ነው። ከፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ይዞ የነበረው ጫማ ሠሪ ለቆ ሄዷል። ልጅ የላቸውም፤ ባዕድ ማስገባትም አይፈልጉም። «አንድ ነገር ብቻ የሚሸጥባት ቤት ትሁን ብዬ አስቤያለሁ» አሉ በስልኩ። «ያንን ዶሮ። ሌላ ምንም። ዛሬ ማታ ደግሜ ልቅመሰውና፣ ከጣመኝ ዶሮዋን የሠራችው ቁልፉን ትቀበለኛለች።» ቁንጥጫ ካልሲዋን ቀስ ብላ አጠለቀች። ሰባት ዓመት በሰው ዳቦ ቤት፣ በሰው ምድጃ ፊት፣ ቅንድቧ እስኪለበለብ ሠርታለች። መንገድ ዳር ያለች፣ የራሷ በር ያላት፣ ሻንጣ የማይከመርባት ክፍል ማለት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ነግራ አታውቅም። ተነሥታ «ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ትችል ነበር። ግን የገዛ እጇን ሥራ የኔ ነው እያሉ መለመን ሞቷ ነው። ደግሞም ወንድሟ አለ። የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ ሲጮኽበት ይውላል፤ ቤት ሲገባ የሚፈልገው ዝምታ ብቻ ነው። ሚስቱን አክስቱ ፊት ብታዋርድበት ያችን ዝምታ ለዓመት አያገኛትም።

ጫማዋን አድርጋ ወደ ኩሽና ስትወጣ የወንድሟ ሚስት ጣቶቿን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ በፈገግታ ጠበቀቻት። እንዲህ ፈገግ ካለች የምትፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

«የኔ እናት፣ እኔ የምልሽ… ያን ለት ዶሮው ውስጥ ምን ምን ነበር ያስገባነው? ራሴን ስላመመኝ ነው እንጂ አይጠፋኝም።»

ያስገባነው። ቁንጥጫ ቃሏን አፏ ውስጥ አገላበጠቻት። አንድ ነገር ትዝ ያላት ያኔ ነው። ይህቺ ሴት በዕድሜዋ አንድም ቀን የተነገራትን እንዳለ አምና አታውቅም። ባለ ሱቁ «ትኩስ ነው» ካላት ያደረ ነው፤ ሐኪሙ «ምንም የለብሽም» ካላት ደብቋታል።

«አራት ነገር ብቻ ነው እትዬ» አለች ቁንጥጫ። «ዶሮ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።» ይህን ብላ የታች ከንፈሯን ነከስ አደረገችና የቅመም መደርደሪያውን በዓይኗ ጠቀስ፣ ወዲያው ደግሞ ጣሪያውን አየት አደረገች። የተናገረችው ነጭ እውነት ነው። ፊቷ ብቻ ነው የዋሸው። «ጨዉን አሁን ጠዋት ትቀቢዋለሽ። ማታ በጨርቅ አድርቀሽ፣ ሎሚውንና ነጭ ሽንኩርቱን ሆዱ ውስጥ ከትተሽ፣ ኦቨኑ በደንብ ሲግል ታስገቢዋለሽ። ከዚያ አትነኪውም።»

«ሳላገላብጠው?»

«አትነኪውም። ቆዳው ራሱ ቅባት አለው፤ ራሱን ያበስላል።»

የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እንደገባው ሰው አንገቷን ነቀነቀች። «እሺ የኔ ብልጥ» አለች። «አራት ነገር። እሺ።» ሰው እውነት ሲነገረው የማያምነው፣ ብዙ ጊዜ፣ እሱ በዚያ ቦታ ቢሆን ኖሮ ምን ብሎ እንደሚመልስ ስለሚያውቅ ነው።

ቁንጥጫ ወደ ሥራ ስትሄድ በዶሮ ሻጩ በኩል ዞረች። ዶሮ በዚያ ሰሞን ዋጋው ሽቅብ ወጥቶ ሰው የሚያየውም በሩቁ ሆኗል። ሻጩ ትልቁን ሲያነሳላት ትንሹን አስመጣች፤ ትንሽ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፣ ቆዳውም ይንኮሻኮሻል። «እንግዳ አለብሽ?» አላት ሲጠቀልልላት። «እንግዳው የሌላ ሰው ነው» አለችው፤ «እኔ ምስክር ነው የሚያስፈልገኝ።» ሻጩ አልገባውም፤ ግን የሴትየዋን ምላስ ስለሚያውቅ አስረጂኝ አላለም። ዳቦ ቤት እንደደረሰች ዶሮውን ውስጥም ውጭም ጨው አሸችውና እርሾና ቅቤ ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳትሸፍን አስቀመጠችው። ዕቅዷ ቀላል ነበር። አክስት የሰው ቤት ባዶ እጃቸውን አይገቡም፤ ይዘው የሚገቡትም ዳቦ ነው፤ ዳቦውም ከዚህ ቤት፣ ከመጨረሻው ዙር፣ መዳፋቸውን እያቃጠላቸው ካልሆነ አይገዙም። የመጨረሻው ዳቦ ሲወጣ የምድጃው ግለት ገና አይበርድም። ዶሮው በዚያ ግለት ይገባል፤ አክስት ሲመጡ ይወጣል። ማንም ማንንም አይከስም። አፍንጫ ራሱ ይመስክር።

ችግሩ ዋናው ጋጋሪ ነበር። አፉን እስኪሸፍን በወረደው ጢሙ የተነሳ ከኋላው ሁሉም ጢሞ ይሉታል፤ ከፊቱ ግን ጋሼ ነው።

«በዚህ ምድጃ ውስጥ ሃያ ዓመት ከዳቦ በቀር ነፍስ የነበረው ነገር አልገባም» አላት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «ነገ ደንበኛው መጥቶ ዳቦው ዶሮ ዶሮ ይላል ቢለኝ ምን ልበለው?»

«ዋጋ ጨምረው ይሽጡለታ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን በር ላይ ያስቀርሻል።»

«ታፋው የእርስዎ ነው።»

ጢሞ ጢሙን ዳሰሰ። «የትኛው?» አለ በመጨረሻ። «የግራው ይሻላል ይላሉ።»

ረፋዱ ላይ በዳቦ ቤቱ መስኮት ስታይ የወንድሟ ሚስት ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱፐርማርኬት በሁለት እጇ ሁለት ከረጢት አንጠልጥላ ወጣች። ጥፍሮቿ ቀይ ሆነው ከሩቅ ያበራሉ። ከረጢቱ የጠርሙስ ቅርጽ፣ የቆርቆሮ ቅርጽ፣ የማታውቀው ነገር ሁሉ ቅርጽ ነበረው። ለዶሮ የወጣው ሳይሆን ለዶሮው ማልበሻ የወጣው ይበልጥ እንደነበር ከአረማመዷ ያስታውቃል። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ደወለ።

«ቀረፋው» አለች የወንድሟ ሚስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ዱቄቱን ነበር ወይስ እንጨቱን ያደረግነው?»

«ቀረፋ የለውም እትዬ።»

«ገባኝ» አለች። «ሰው አጠገብሽ ቆሟል ማለት ነው» ብላ ዘጋችው።

ቁንጥጫ ሊጥ የነካው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳቁ ካለፈላት በኋላ ግን የሆነ ነገር ከነከናት። የወንድሟ ሚስት ክፉ አይደለችም፤ ምስጋና በልታ የጠገበች አትመስልም እንጂ። በዚያች ቤት ቀኑን ሙሉ ከስልክና ከጥፍር ቀለም ጋር ስትውል፣ እሷንም አንድ ሰው «ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» ብሎ እንዲጠይቃት ትመኝ ይሆናል። ደግሞም ዶሮው ያሳዝናል፤ ምንም ሳያጠፋ። ስለዚህ ለምሳ ስትወጣ ራሷ ደወለች፤ በዚህ ጊዜ በፊቷም በከንፈሯም ሳትጫወት፣ ከልቧ። «እትዬ፣ እኔ ልሙት፣ ምንም አትጨምሪበት። አራቱ ይበቃሉ።»

«ይሄን ያህል የምትምዪለት ከሆነማ» አለች የወንድሟ ሚስት በዝግታ፣ «አንድ ነገር አለ» ብላ ዘጋች። ቁንጥጫ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ከዚህ በኋላ ኃጢአቱ የእሷ አይደለም።

የመጨረሻው ዙር ዳቦ ሲወጣ ዶሮውን ገፍታ አስገባችው። ጢሞ በየአምስት ደቂቃው ልክፈተው ሲል እጁን ትመታዋለች፤ ሳይነኩ መጠበቅ ከሁሉ ይከብዳል። ቆዳው መጮኽ ሲጀምር፣ ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ ተዋህደው እስከ ገንዘብ መቀበያው ድረስ ሲመጡ፣ ለዳቦ የተሰለፈው ሰው አንገቱን ማስረዘም ጀመረ። አክስት ግን የሉም። ሰልፉ ሟሸሸ። ዶሮው ቀልቶ ወርቅ መሰለ፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ይደርቃል። አወጣችው። ጢሞ ቢላ ይዞ ቀረበ። «ትንሽ ይቆዩ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው አልሰላም። ምናልባት ዛሬ ዳቦ ሳይገዙ በቀጥታ ሄደው ቢሆንስ? እትዬ የቀባችውን ሁሉ እንደምንም አስልታ፣ ሰው የሚወደው ሆኖ ቢወጣስ? ሰው የሚወደው አይታወቅም። ቁልፉን የሚቀበለው ያ ቀይ ጥፍር ሆኖ ታያት።

በሩ ተከፈተና አክስት ገቡ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ቦርሳቸው ይበልጣቸዋል። ዳቦዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ መረጡና፣ ቆም ብለው አፍንጫቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«የሠራተኛ እራት ነው» አለች ቁንጥጫ ዳቦውን እየጠቀለለች።

«እስቲ አምጪው።»

ክንፉን ቆርጣ በወረቀት አቀረበችላቸው። እንደ ቆሙ በሉት። አጥንቷን መጠጡ። ከዚያ ሌላኛውን ክንፍ ሳይጠይቁ ራሳቸው አነሱ። ጢሞ ድርሻው ሲያልቅ እንደሚያይ ሰው በጭንቀት ታፋውን ተጠጋ።

«ምን ገባበት?»

«አራት ነገር። ዶሮ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት።»

«እንደሱ ነው የሚመስለው» አሉ አክስት። ቀኑን ሙሉ ያመናት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን ጠራርገው ቀና አሉ። «የወንድምሽ ሚስት ናት ያስተማረችሽ?»

ጢሞ ማኘኩን ተወ። ቁንጥጫ ጉሮሮዋ ላይ የደረሰውን መልስ በጥርሷ ያዘችው። «እሷ ዛሬ ለእርስዎ እየሠራች ነው» አለች። «እዚያው ሲደርሱ ይጠይቋታል።» አክስት ዳቦውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ። ፊታቸው ከግድግዳ የተሻለ ነገር አልነገራትም።

ቁንጥጫ ቤት ስትደርስ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበላት፤ የመድኃኒት ቤትና የኬክ ቤት ግድግዳ ፈርሶ የተደባለቁ ይመስላል። ኩሽናው መሬት መጥበሻ በመጥበሻ ሆኗል። የወንድሟ ሚስት የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ላብ ግንባሯ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ዶሮው ከላይ ጥቁር፣ ከጎን ቀይ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ስም የሌለው ነገር ተኝቷል። ብዙ ተገላብጦ አንድ እግሩ ወልቋል። ወንድሟ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ ቆረጠ፣ አኘከ። ለረጅም ጊዜ አኘከ። አክስት በሹካ ጫፍ አንዲት ቁራጭ ወሰዱና ወዲያው ዳቦ አስከተሉባት። ቁንጥጫም ቀመሰች፤ ማሩና ሰናፍጩ ምላሷ ላይ ሲጣሉ ቅርንፉዱ መሃል ገብቶ ሁለቱንም መታ።

«እንዴት ነው?» አለች የወንድሟ ሚስት ወደ ባሏ።

«ይበላል» አለ ባሏ።

«ምን ምን አገባሽበት ልጄ?» አሉ አክስት።

የወንድሟ ሚስት ጀርባዋን አቃናች። ላቧን ረሳች። «አክስቴ፣ ይሄ ዝም ብሎ ዶሮ እንዳይመስልዎ» ብላ ጀመረች፤ ቀያይ ጣቶቿም አብረው መናገር ጀመሩ። «ዶሮው፣ ጨዉ፣ ሎሚው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፤ ይሄን ማንም ያውቀዋል። ከዚያ ማር፤ ማሩ ለቆዳው ነው፣ እንደ ሐር ያደርገዋል። ሰናፍጭ፣ ማሩ እንዳይኮራ። ቀረፋ፣ ለሽታው። ካሪ፣ ለመልኩ። የቲማቲም ድልህ። እርጎ፣ ሥጋው ልቡ እንዲሟሟ። ሶያ ሶስ። ቅርንፉድ። መጨረሻ ላይ የብርቱካን ጭማቂ ከላይ ፈሰስ ሲልበት፣ ያኔ ዶሮው ተነፈሰ ማለት ነው።» ስትናገር ያማረች ሴት ነበረች። ቁንጥጫ ራሷ ለአፍታ ሳህኗን ዳግም አየችው፤ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብላ።

አክስት በጣታቸው ሲቆጥሩ ጣት አለቀባቸው። «አሥራ ሦስት» አሉ። «ባለፈውስ?»

«ባለፈውም ይሄው ነው። ዛሬ ለእርስዎ ጠንከር አደረግኩት እንጂ።»

አክስት ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «አንተ፣ ባለፈው የሠራው ማን ነው?»

ወንድሟ ሳህኑን አየ። ሚስቱን አየ። እህቱን አየ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትም አየ፤ እሱ ግን አልረዳውም። «አክስቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ሹፌር ነኝ። ከኋላ የሚባለውን አልሰማም።»

አክስት ሳቁ፤ በዚያ ቤት ሲስቁ ታይተው አያውቁም። አፋቸውን ጠረጉና ቦርሳቸውን ከፈቱ። «እኔ እዚህ የመጣሁት ዳቦ ቤት ሁለት ክንፍ በልቼ ነው» አሉ። የወንድሟ ሚስት አንገቷን በዝግታ ወደ ቁንጥጫ አዞረችና «እባብ» አለች በከንፈሯ ብቻ። ቁንጥጫ ዳቦ ቆረሰች። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቁንጥጫ ሳህን አጠገብ ተቀመጠ። እጇን ሰደደች። የአክስት እጅ ግን ገና ከቁልፉ ላይ አልተነሳም።

«ቆይ አንቺ። ዳቦ ስትሸጪልኝ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የተዘጋ ሱቅ። ክንፉ ባይጣፍጠኝ ኖሮ ተመልሼ አልመጣብሽም ነበር።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ሚስት ዞሩ። «ያንቺን ደግሞ፣ ይሄን ነገር መብላት አልቻልኩም። ስትናገሪለት ግን መግዛት አማረኝ። ሆዴ እንቢ እያለኝ እጄ ቦርሳዬን ሲፈልግ ነበር።» እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱና መጀመሪያ ወደ ቁንጥጫ ጠቆሙ። «አንቺ ከጓዳ ትጋግሪያለሽ፤ አንቺ ከፊት ትሸጫለሽ። ያለ ሁለታችሁ ክፍሏን አልሰጥም። ጥፍርሽ ግን ዶሮ እንዳይነካ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ቁንጥጫ ያቺን ክፍል የተመኘችው ከዚህ ድምፅ ለመራቅ ነበር፤ አሁን ድምፁን ከጠዋት እስከ ማታ በአንዲት በር ብቻ ተለይታ ልትሰማው ነው። እንቢ ልትል አፏን ከፈተች። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ እንደ ትኩስ ዳቦ ከበዳት፤ አፏን መልሳ ዘጋችው። ወንድሟ ብቻ ሁለቱን በየተራ አይቶ፣ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ እንደሚሆን ሲገባው፣ ሳይታሰብ ዶሮውን ደገመ።

አክስት ከሄዱ በኋላ የወንድሟ ሚስት ጥፍሯ እንዳይላጥ ጓንት አጥልቃ ሳህን አጠበች፤ ቁንጥጫ አደረቀች። ትሪው ላይ የተጋገረው ነገር አልለቅ ብሎ ውኃው ሲንጨረጨርበት የወንድሟ ሚስት ቆም አለች።

«ንገሪኝ እስቲ» አለች ዞር ሳትል። «አሁን እንግዲህ አብረን ነን። እውነት አራት ነው?»

ቁንጥጫ የእትዬን የተጎነበሰ ጀርባ አየች። ጠዋት ተናግራለች፣ ረፋድ ተናግራለች፣ ምሳ ላይ ምላለች።

«አምስት ነው» አለች።

የወንድሟ ሚስት ዞረች። ፊቷ እንደ በራ ክፍል ሆነ። «አውቄው ነበር» አለች። «እኔን ታታልያለሽ? ከጠዋት ጀምሮ ከዓይንሽ ላይ አንብቤዋለሁ። አምስተኛው ምንድን ነው?»

«ሱቁ ሲከፈት እነግርሻለሁ።»

«ይሁን። ምስጢር እንዲህ ነው የሚያዘው» አለችና የማድረቂያውን ጨርቅ ከእጇ ቀማቻት። «ሂጂ አንቺ ተኚ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ነገ ሥራ አለብን።» ቁንጥጫ በሻንጣዎቹ መሃል ተጋደመች። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ማጉያው ተከፈተና፣ የወንድሟ ሚስት ለአንዲት ጓደኛዋ ስለ አንድ ምስጢራዊ አምስተኛ ነገር በሹክሹክታ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ፣ መተረክ ጀመረች። ሱቁ እስኪከፈት ሳምንት አይሞላም። ቁንጥጫ ጣሪያውን እያየች አምስተኛውን መፈለግ ጀመረች።